የተሰነጠቀች የጎማ ሱሪ እና የአራት ሰዎች ዝምታ

ስለ አውሮፕላን ሲወራ ወሬው ሁሌ ወደ ትልልቁ ይሄዳል። ቦይንግ፣ ኤርባስ፣ ሞተር፣ ሶፍትዌር፣ የምርመራ ሪፖርት። ዛሬ ወሬው ወደ ታች ይውረድ፤ እስከ ጎማ ድረስ። ያውም ጎማው ጋ ሳይሆን ጎማው ላይ የምትደረገው ሽፋን ጋ።

ባለ አራት መቀመጫ ትንሽ አውሮፕላን በቅርብ ያየ ሰው ያስታውሳታል። ከፊት ድቡልቡል፣ ወደ ኋላ እየሾለች የምትሄድ፣ የውሃ ጠብታ የመሰለች ሽፋን ናት። ጎማው ከሥሯ ትንሽ ብቅ ብሎ ይታያል። በማኑዋል ላይ ስሟ ፌሪንግ ነው። አሜሪካኖቹ «የጎማ ሱሪ» ይሏታል፤ እንግሊዞቹ ደግሞ ድሮ ጨዋ ሰው ጫማው ላይ ያጠልቀው በነበረው የቁርጭምጭሚት ልባስ ስም ይጠሯታል። ሱሪ ማለቱ ይሻላል። ሱሪ ይቀደዳል፣ ይጣፋል፣ ሲጣፍም የጣፊው እጅ ይታወቃል።

ሥራዋ አየሩን ማታለል ነው። ክብ ጎማ፣ የፍሬን ብረትና ቡሎን በነፋስ ውስጥ ሲጎተቱ አየሩ ከኋላቸው ይበጣጠሳል፤ ይህ ደግሞ አውሮፕላኑን ወደ ኋላ ይጎትታል። በ1920ዎቹ መጨረሻ ናካ የተባለው የአሜሪካ የበረራ ምርምር ተቋም ላንግሌይ ላይ ሙሉ አውሮፕላን የሚያስገባ የነፋስ ዋሻ ሠርቶ መለካት ሲጀምር፣ ያልተሸፈነ የማረፊያ እግር ከጠቅላላው የአየር ጉተታ እስከ 40 በመቶ ሊይዝ እንደሚችል ታየ። መሐንዲሶቹ ደነገጡ። ከዚያ በኋላ የአውሮፕላን ዓለም ለሁለት ተከፈለ ማለት ይቻላል። ፍጥነት የፈለገና ገንዘብ ያለው እግሩን አጥፎ ሆዱ ውስጥ ከተተ። ሌላው ሱሪ አለበሰ።

ሱሪ ከለበሱት ውስጥ ዋናው ሴስና 172 ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ለገበያ የቀረበ፣ እስካሁን ከ44,000 በላይ የተመረተ፣ በብዛት በመመረት በዓለም ላይ አቻ የሌለው አውሮፕላን ነው። ለአዲስ አበባ ሰው በአጭሩ ማስረዳት ይቻላል፤ የአየር ላይ ላዳ ነው። ቀላል፣ ታጋሽ፣ የማይሞት። የአንድ ሰው መኪና የነበረ ላዳ በሦስት ትውልድ እጅ ሲያልፍ ባትላሜራው እየቀጠቀጠ፣ ስቱኮው እየተደረበ፣ ቀለሙ እየታደሰ እንደኖረው ሁሉ 172ም እንዲሁ ነው።

የዕድሜው ነገር የራሱ ታሪክ አለው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ፋብሪካዎች በዓመት ከ17,000 በላይ ትንንሽ አውሮፕላን ያመርቱ ነበር። ከዚያ ገበያው ወደቀ፤ የክስና የመድን ወጪም አምራቾቹን አስመረራቸው። ሴስና በ1986 ባለ ፒስተን ሞተር ትንንሽ አውሮፕላኖቹን ማምረት አቆመ። ኮንግረስ በ1994 ባወጣው ሕግ ከ18 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ትንሽ አውሮፕላን አደጋ ሲደርስበት አምራቹ እንዳይከሰስ በአብዛኛው ከለከለ፤ ሴስናም በ1996 ወደ ሥራው ተመለሰ። ነገር ግን አዲሱ ውድ ነው። ስለዚህ በአሜሪካ ትንንሽ ሜዳዎች ላይ ተደርድረው ከሚታዩት 172ዎች እጅግ ብዙዎቹ ከዚያ ማቆሚያ በፊት የተሠሩ፣ ከሚያበሯቸው ሰዎች በዕድሜ የሚበልጡ ናቸው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ከ1977 ጀምሮ የወጣው 172ኤን የሚባለው ሞዴል የበረራ መጽሐፍ በ8,000 ጫማ ከፍታ ላይ ሞተሩ በ75 በመቶ ኃይል ሲሠራ ፍጥነቱ 122 ኖት ነው ይላል። ሦስቱም ጎማዎች ሱሪ ለብሰው ማለት ነው። ካወለቁስ? ሁለት ኖት ይቀንሳል። ሁለት! በሰዓት ወደ 3.7 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ጣጣ ሁሉ የሚመጣው እንግዲህ ለእነዚህ ሁለት ኖቶች ሲባል ነው።

ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙም በማይርቅ አንድ የሜሪላንድ ሜዳ ላይ አራት ሐበሾች በጋራ የያዙት የ1978 ሴስና 172 አለ። አንዱ ፋርማሲስት፣ አንዷ ነርስ፣ አንዱ የከባድ መኪና ሾፌር፣ አንዱ ኮምፒውተር ሠራተኛ። አገዛዛቸው እቁብ ይመስላል። በየወሩ እኩል ያዋጣሉ፣ ለቆመበት ቦታ ይከፍላሉ፣ ለመድን ይከፍላሉ፣ ነዳጁን ያበረረ ይሞላል። የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው። ቀን ይያዝበታል፣ የአየር ሁኔታ ይወራበታል፣ የገና ፎቶ ይላክበታል።

ፋርማሲስቱ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለመብረር መጥቶ አውሮፕላኑን ሲዞር የግራው ሱሪ ከታች በኩል መሰንጠቁን አየ። ስንጥቁ የመዳፍ ርዝመት አለው። ከጫፉ አንዲት ቁራጭ ጎድላለች። ስንጥቁ አጠገብ ደግሞ ቢጫ የቀለም ጭረት አለ። የዚያ ሜዳ ታኮዎች በሙሉ ቢጫ ናቸው።

ፎቶ አንስቶ ግሩፑ ላይ ለጠፈ። «ይቺ መቼ ነው የሆነችው?»

ሦስቱም አዩት። አንዱ «ኧረ! እንዴት?» አለ። አንዷ ፊቱን የሚይዝ ኢሞጂ ላከች። አንዱ ምንም አላለም። ያ ብቻ ነው። በነጋታው ግሩፑ ላይ ስለ ሌላ ነገር ይወራ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ዝም ያለው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ሕግ አልጣሰም። የአሜሪካው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ የትኛው ጉዳት ሪፖርት እንደሚደረግ ሲደነግግ «ከፍተኛ ጉዳት» የሚለውን ቃል ይተረጉማል፤ በትርጉሙ ውስጥም የማይቆጠሩትን ይዘረዝራል። የታጠፈ ፌሪንግ፣ የተጎዳ ጎማ፣ ፍሬን፣ የክንፍ ጫፍ፣ የማረፊያ እግር ጭምር ከዝርዝሩ ውጭ ናቸው። መንግሥት የሱሪ ቅዳጅ አይመለከተኝም ብሏል ማለት ነው። ትክክልም ነው። በየሜዳው ለሚሰነጠቅ ፕላስቲክ ሁሉ መርማሪ ቢላክ ለእውነተኛው አደጋ ሰው አይተርፍም።

ስለዚህ ጉዳዩ በሙሉ የሚወድቀው በአራቱ ሰዎች መካከል ነው። ጥያቄውም «ማን ሰበረው?» ሳይሆን «ሌላ ምን ሆኗል?» ነው። ታኮውን ሳያነሳ ሞተር አስነስቶ የገፋ ሰው ሱሪውን ብቻ ላይሆን ይችላል የሰበረው። ጎማው ታኮው ላይ ወጥቶ ወርዶ ይሆናል። አውሮፕላኑ ዘንበል ብሎ ሌላ ነገር ነክቶ ይሆናል። ያ ሰው ያውቃል፤ ቀጥሎ የሚበርረው አያውቅም። ዝምታው አደገኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ቅጣት ያመለጠ ሰው ስላለ አይደለም፤ መረጃው ከሚያስፈልገው ሰው ስለተሰወረ ነው።

የአሜሪካ የበረራ ዓለም ይህን ከብዙ ዓመት በፊት ተረድቶታል። እ.ኤ.አ. በ1976 አንድ ያልተለመደ ነገር ተጀመረ። አብራሪም ሆነ የበረራ ተቆጣጣሪ፣ መካኒክም ሆነ አስተናጋጅ የሠራውን ወይም ያየውን ስህተት ጽፎ የሚልክበት ሥርዓት ነው። የሚላከው ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ለኤፍኤኤ አይደለም፤ ለናሳ ነው። ናሳ የመቅጣት ሥልጣን የለውም። ስሙን ከሪፖርቱ ላይ ቆርጦ ያወጣል፣ የተረፈውን ለሁሉም ያስነብባል። ስህተቱ ሆን ተብሎ ያልተደረገ ከሆነና ሰውየው በ10 ቀን ውስጥ ከላከ፣ ኤፍኤኤ በሌላ መንገድ ቢደርስበት እንኳ ቅጣቱን ሊተውለት ይችላል። አደጋና ወንጀል እዚህ ውስጥ አይገቡም። ለሰበብ የተመቸ ሥርዓት ይመስላል። ዳሩ ግን ሰው በፍርሃት ከሚደብቀው ነገር ይልቅ ያለ ፍርሃት የሚናገረው ነገር ብዙ ሕይወት ያድናል ተብሎ ተሰላ። ሥርዓቱ ዛሬም ይሠራል።

የአራት ሰው ማኅበር ግን ናሳ የለውም። ያለው ሰብሳቢ ነው፣ ይሉኝታ ነው፣ «ኧረ ተወው፣ ለዚች» ነው። ይሉኝታ ለልቅሶ ቤት ጥሩ ነው። ለፍሬን አይሆንም።

ፋርማሲስቱ እንደ ብዙዎቻችን ሰዎች ቢሆን ኖሮ ወይ ይጣላ ነበር ወይ ይተወው ነበር። እሱ ግን ሱሪዋን ለመጠገን ወሰነ። እዚያው ሜዳ ላይ ጥግ የያዘ ጋራዥ ያላቸው አንድ አዛውንት መካኒክ አሉ። ደብረ ዘይት አየር ኃይል የጀመሩ፣ አሜሪካ መጥተው ፈቃዳቸውን ከእንደገና ያወጡ፣ ዓመታዊ ምርመራ የመፈረም ሥልጣን ያላቸው ሰው ናቸው። ዳዶ፣ ራንዴላ፣ ካቻቪቴ ማለት አልተዉም። ረዳታቸው የሆነው አሜሪካዊ ወጣት ራሱ አሁን «ራንዴላ» ይላል።

«ጋሼ፣ ይቺን ራሴ ብሠራት ችግር አለው?»

«የማን ናት?»

«የኛ ናት።»

«ፈቃድ አለህ?»

«የግል አብራሪ ነኝ።»

«እንግዲያው ሕጉ ፈቅዶልሃል። እኔ ምን ቤት ነኝ? ስትጨርስ ግን ፈርምባት።»

የአዛውንቱ መልስ ቀልድ ይምሰል እንጂ ቃል በቃል ሕግ ነው። የኤፍኤኤ ደንብ ክፍል 43 አባሪ ሀ የሚባል ዝርዝር አለው። ቢያንስ የግል አብራሪ ፈቃድ ያለው ሰው በራሱ አውሮፕላን ላይ መካኒክ ሳይጠራ ሊሠራ የሚችላቸውን ሥራዎች ይቆጥራል፤ አውሮፕላኑ ለንግድ ማመላለሻ እስካልዋለ ድረስ። ጎማ መቀየር አለበት፣ ኩሽኔታ ማጽዳትና ግራሶ መቀባት አለበት፣ የመቀመጫ ልብስ ማደስ አለበት። ከቁጥሮቹ በአንዱ ላይ ደግሞ በፌሪንግና ሸክም በማይሸከሙ ሽፋኖች ላይ ትንንሽ ቀላል ጥገና ማድረግ ይቻላል ይላል፤ የአየሩን ፍሰት በሚያውክ መልኩ ቅርጹ እስካልተለወጠ።

ይህ አንቀጽ ሊደነቅ ይገባዋል። መንግሥት በብዙ ነገር ዜጋውን አያምንም፤ በአውሮፕላን ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ያምናል። ሆኖም እዚህ ላይ «ይቺን አንተው ሥራት» ይላል። በምላሹ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ የተሠራው ነገር ቢያንስ ከጥንቱ ሁኔታው ጋር እኩል እንዲሆን፤ ደንቡ እኩልነቱን ሲዘረዝር የአየር ቅርጽን፣ ጥንካሬን፣ ንዝረትን መቋቋምንና አለመበላሸትን ይጠቅሳል። ሁለተኛው፣ ምን እንደተሠራ፣ በየትኛው ቀን እንደተጠናቀቀ፣ ማን እንደሠራው ከነፈቃድ ቁጥሩ በመዝገቡ ላይ እንዲጻፍ። ነፃነቱ በፊርማ የተገዛ ነው።

ሥራው የሚጀምረው በመለየት ነው። ሱሪዋ ከምን ተሠራች? ከነዚያ ዓመታት የመጡ ፌሪንጎች ወይ ፋይበር ግላስ ናቸው፣ ወይ ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ። የልጆች ሌጎ መጫወቻም ከዚሁ ከኤቢኤስ ነው የሚሠራው። መድኃኒታቸው የተለያየ ነው። ጥያቄው ደግሞ በአንድ ጠብታ አሴቶን ይመለሳል፤ በውስጥ በኩል፣ በማይታይ ቦታ ጠብ ይደረጋል። ኤቢኤስ ከሆነ ይለሰልሳል፣ ጣት ላይ ይጣበቃል። ፋይበር ግላስ ከሆነ ምንም አይሆንም፤ እንዲያውም ሲጸዳ የጨርቁ ሽመና ፍንትው ብሎ ይታያል። የአራቱ ሰዎች አውሮፕላን የግራው ፋይበር ግላስ፣ የቀኙ ኤቢኤስ ሆኖ ተገኘ። አንድ ጊዜ፣ በሆነ ዘመን፣ የሆነ ሰው የግራውን ቀይሯል ማለት ነው። መዝገቡ ግን ስለዚህ አንድ ቃል የለውም።

ሱሪዋ ስትፈታ ሌላ ነገር ወጣ። ውስጧ በኩል አሁን ከተሰነጠቀው ቦታ አጠገብ እንደ ዳቦ የተቆለለ ስቱኮ ነበር። የመኪና ስቱኮ። በመካከሉ አንዲት የላሜራ ቁራጭ ተቀብራለች። ከውጭ በቀለም ተሸፍኖ፣ ተወልውሎ፣ ማንም አይቶ የማያውቀው የድሮ ጥገና ነው። አዛውንቱ በካቻቪቴው ጫፍ ነካ ነካ አድርገው ተከረከረ።

«ይሄን የሠራው ሰው ባትላሜራ ነው እንጂ መካኒክ አይደለም» አሉ። «ለመኪና ጥሩ ነው። መኪና በር እንዲህ አይንቀጠቀጥም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ስቱኮ ይሞላል እንጂ አይዝም። ጨርቅ የለውም። ሱሪዋ ደግሞ በአየር ላይ ስትሆን በነፋስ፣ መሬት ላይ ስትሆን በጎማው እየተንቀጠቀጠች ነው የምትኖረው። የተያዘችው በጥቂት ነጥቦች ብቻ ነው፤ በውስጥ በኩል ከአክስሉ ጋር በተያያዘ ላሜራ፣ በውጭ በኩል በአክስሉ ጫፍ በሚገባ ቡሎን። ከባድና ደረቅ ቁልል ሲጨመርባት ንዝረቱ ቁልሉ ጫፍ ላይ ይሰበሰባል፤ ቀጥሎም እዚያው ትሰነጠቃለች። ታኮው ባይነካት እንኳ ቀኗ ደርሶ ነበር።

እናም የፍሬኑ ሸራ። ሱሪ ከለበሰ ጎማ ላይ ፍሬን በደንብ አይታይም፤ ሰው ጎንበስ ብሎ በባትሪ ካላየ ያልፈዋል። ሱሪዋ ስትወልቅ የግራው ሸራ አለቀ አላለቀ የሚባልበት ደረጃ ላይ ነበር። በእነዚህ አውሮፕላኖች ላይ በብዛት ለሚገጠመው ፍሬን ዝቅተኛው ውፍረት 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ተለካ፤ ከዚያ በታች ሆነ። አንዳንድ ባለአውሮፕላኖች ሱሪውን ጨርሶ ጥለው የሚበሩት ለዚህ ነው። ሁለቱን ኖት ሰጥተው ዓይናቸውን ይገዛሉ። ሞኝነት አይደለም።

ፍሬኑን አዛውንቱ ቀየሩ፣ እሳቸውም ፈረሙ። ሱሪዋ የፋርማሲስቱ ሆነች።

መጀመሪያ ስቱኮው በሙሉ ተፍቆ ወጣ። በቀለም ማስለቀቂያ ኬሚካል አይደለም፤ ያ ሬዚኑንም ኤቢኤሱንም ይበላል። በብርጭቆ ወረቀት፣ በትዕግሥት፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ። የፋይበር ግላስ ብናኝ ለሳንባ አይሆንም፣ ለቆዳም ያሳክካል። ከዚያ የስንጥቁ ሁለት ጫፎች ተፈለጉ። ስንጥቅ ጫፉ ስለት ነው፤ ኃይሉ ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ይከማቻል፣ ስለዚህ ይሮጣል። በትራፓኖ ትንሽ ቀዳዳ ሲበሳ ስለቱ ክብ ይሆናል፤ ይቆማል። ሁለት የክብሪት ራስ የሚያካክሉ ቀዳዳዎች ሦስት ሳምንት ሊሮጥ የነበረውን ስንጥቅ አቆሙት።

ከዚያ ጨርቁ። በውስጥ በኩል ስንጥቁን ዙሪያውን በሸካራ ወረቀት አሽክሮ፣ በአሴቶን ጠርጎ፣ ከጠርዙ እየሳሳ እንዲሄድ አድርጎ መፋቅ። የጥገና ጨርቅ አፉ ላይ እንደ ደረጃ ከቆመ ስንጥቁ ከደረጃው ሥር እንደገና ይጀምራል፤ ተዳፋት መሆን አለበት። ቀጥሎ አንዱ ከሌላው ሰፋ ያለ ሦስት ስስ የፋይበር ግላስ ጨርቅ በኢፖክሲ እየራሰ ይደረባል። ለምን ኢፖክሲ? ዋናው ሱሪ በፖሊስተር ሬዚን የተሠራ ነው፤ ነገር ግን አዲስ ፖሊስተር በደረቀ አሮጌ ፖሊስተር ላይ ጥሩ አይይዝም፣ ሲደርቅም ይሸበሸባል። ኢፖክሲ በአሮጌው ላይ ይነክሳል። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ለአንዲት መዳፍ ስፋት ግን ልዩነቱ የአንድ ማኪያቶ ነው።

ፋርማሲስቱ እዚህ ላይ በሙያው ተጠቀመ። ሬዚንና ማድረቂያው በልኩ ካልተቀላቀለ ወይ አይደርቅም ወይ ይሰባበራል። ሰው «በዓይኔ እለካለሁ» ይላል። እሱ በሚዛን መዘነ፣ ወረቀት ላይ ጻፈ፣ የቀረውን ጠብታ በጽዋው ውስጥ ለናሙና አስቀመጠ። በማግስቱ ናሙናው በጥፍር ሲጫን ጠንካራ ከሆነ ሱሪዋም ጠንክራለች ማለት ነው። አዛውንቱ ይህን ሲያዩ ምንም አላሉም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ረዳታቸውም ናሙና ማስቀመጥ ጀመረ። ጥቅምት ላይ ስለነበር ጋራዡ ቀዝቅዟል፤ ከ15 ዲግሪ በታች ብዙዎቹ ኢፖክሲዎች ይለግማሉ። መብራት ተንጠለጠለላት።

የጎደለችውን ቁራጭ ለመመለስ ደግሞ ከውጭ በኩል ካርቶን በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በቅርጹ ታጠፈና እንደ ቅርጽ ማውጫ ተለጠፈ። በውስጥ በኩል ጨርቁ እዚያ ላይ ተነጠፈ። ካርቶኑ ሲነሳ አዲሷ ቁራጭ ቦታዋን ይዛለች። ከውጭ የቀረችው ትንሽ ጎድጓዳ ቀላል በሆነ፣ ጥቃቅን የመስታወት አረፋ በተቀላቀለበት ኢፖክሲ ተሞላች። ስስ ተደርጎ። የቡሎን ቀዳዳዎቹ ሥር ደግሞ ጭነቱን የምታሰፋ ሰፊ የአሉሚኒየም ራንዴላ ገባች፤ አብዛኞቹ ሱሪዎች የሚሞቱት ከቀዳዳ ነውና።

የቀኙ ቀላል ነበር። በቡሎኖቹ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች። የኤቢኤስ ፍቅፋቂ በአሴቶን ሲሟሟ እንደ ገንፎ ይሆናል፤ ያ ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ ከአካሉ ጋር ይዋሃዳል። ልጣፍ አይደለም፤ ራሱ ነው። ግን ኤቢኤስ በፀሐይ ብዛት ከውስጡ ይደርቃል። ዛሬ የተጠገነው ቦታ ይጠነክርና ነገ ከጎኑ ያለው ይሰነጠቃል። አዛውንቱ ይህን ሲናገሩ ሳቅ አሉ፦ «ይቺ ሁለት ክረምት ታገለግልሃለች። ከዚያ ገንዘብ አውጣ።»

ገንዘቡ ቀላል አይደለም። አዲስ የፋብሪካ ሱሪ፣ ቀለም እንኳ ሳይቀባ፣ ብዙ መቶ ዶላር ነው። እቃው ፕላስቲክ ነው፤ ውድ የሚያደርገው ከኋላው ያለው ወረቀት ነው። የተፈቀደ አምራች፣ የተፈቀደ ሥዕል፣ የተፈቀደ ሂደት። ብዙ ሰው በዚህ ይማረራል፣ ምሬቱም ግማሽ እውነት አለው፤ የአንዲት ሽፋን ዋጋ ከአሮጌ መኪና ዋጋ ጋር ሲቀራረብ ሰው ወደ ስቱኮው ይሄዳል። ያ የድሮ ባትላሜራ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። ዋጋ የገፋው ሰው ይሆናል። የማይታለፍለት ግን ስቱኮው አይደለም፤ አለመጻፉ ነው። አንድ መስመር ጽፎ ቢሆን ኖሮ ቀጥሎ የመጣ መካኒክ ሁሉ «እስቲ ያቺን ቦታ ልያት» ይል ነበር። በቀለም ሸፈናት፤ ለስንት ዓመት ሰዎች በማያውቁት ነገር ላይ በረሩ።

ስለዚህ መዝገቡ ላይ ሲደርስ ፋርማሲስቱ ትንሽ አቅማማ። አራቱ ሰዎች አውሮፕላኑን አንድ ቀን ይሸጡታል። ገዢ መዝገብ ያነባል። «ጉዳት» የሚል ቃል ዋጋ ያወርዳል ይባላል። የኮምፒውተሩ ሰው «ቀለም ተቀባ ብለህ ብትጽፍ ምናለበት? ውሸት አይደለም፤ ቀብተሃታል» አለው።

ቀብቷታል። እውነት ነው። ግማሽ እውነት በመዝገብ ላይ ከሙሉ ውሸት ይልቅ አደገኛ የሚሆንበት ቦታ ካለ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሚያነበው ሰው መጠየቅ ያቆማል።

የጻፈው ስድስት መስመር ነው። የግራው ዋና ጎማ ፌሪንግ በታችኛው የኋላ ክፍል ተሰንጥቆ መገኘቱን፤ መዝገብ የሌለው የድሮ ጥገና መወገዱን፤ በስንት የጨርቅ ድርብና በምን ሬዚን እንደተሠራ፤ የቀኙ በምን እንደተሞላ፤ ቀኑን፤ ስሙን ከፈቃድ ቁጥሩ ጋር። ማን እንደሰበረው አልጻፈም። ደንቡም ያንን አይጠይቅም።

ከዚያ ሌላ አንድ ነገር አደረገ። አንዲት የወረቀት መያዣ ሰሌዳ ገዝቶ ከነእስክሪብቶዋ በአውሮፕላኑ በር ኪስ ውስጥ አስቀመጠ። ከላይ «ያያችሁትን ጻፉ፤ ስም አያስፈልግም» ይላል። ግሩፑ ላይ ስለዚህ አንድ ቃል አልተናገረም።

በመጀመሪያው ሳምንት ባዶ ነበረች። በሁለተኛው «የቀኙ መቀመጫ ሲጎተት ይይዛል» የሚል ተጻፈ። ቀጥሎ «ሁለተኛው ሬዲዮ ይጮሃል» ተባለ። በሦስተኛው ሳምንት ከሁለቱ በላይ፣ ጠበብ ባለው ክፍት ቦታ ላይ፣ አንድ መስመር ተጨምሮ ተገኘ፦ «ነሐሴ መጨረሻ፤ ግራ ጎማ ታኮ ላይ ወጥቶ ወርዷል። ቀስ ብሎ ነበር። ሌላ የነካው ነገር የለም።»

አራቱ ሰዎች እርስ በርሳቸው የእጅ ጽሑፋቸውን ያውቃሉ። ስንት የልደት ካርድ ተጻጽፈዋል። ማንም ምንም አላለም። አዛውንቱ ግን መስመሯን ሲሰሙ መነጽራቸውን አድርገው ከግራው እግር ሥር ገቡ፤ አክስሉን፣ የሚይዙትን ቡሎኖች፣ የጎማውን ጎን በጣታቸው እየዳሰሱ ሩብ ሰዓት ቆዩ። «ደህና ነው» ብለው ወጡ። ያቺ መስመር ባትጻፍ ኖሮ እዚያ የሚያስገባቸው ምክንያት አልነበረም።

ሱሪዎቹ ሲመለሱ የመጨረሻው ሥራ የጭቃ መፋቂያዋን ማስተካከል ነው። በሱሪው ውስጥ የምትቆም፣ ጎማው ላይ የተጣበቀ ጭቃ ወደ ውስጥ ተሰብስቦ እንዳይቆለል የምትፍቅ ቁራጭ ብረት ናት። ከጎማው በጣም ከራቀች ጥቅም የላትም፤ በጣም ከቀረበች ጎማውን ትበላለች። የሴስና የጥገና ማኑዋል ሱሪ በተገጠመ ቁጥር፣ ጎማ በተቀየረ ቁጥር ክፍተቷ እንዲለካ ያዛል። ጭቃ፣ በረዶ ወይም የቀዘቀዘ ውሃ ያለበት ሜዳ ላይ የሚሠራ አውሮፕላን ከሆነ ደግሞ ውስጡ ተጠራቅሞ ጎማው እንዳይዞር የሚያደርግ ነገር መኖር አለመኖሩ እንዲታይ ያስጠነቅቃል። ጎማው ሲነሳ ይዞር የነበረ፣ በአየር ላይ በረዶ ሆኖ ሲያርፍ ተቆልፎ ይመጣል።

ክፍተቷ ተለካች። ቡሎኖቹ ጠበቁ። ፋርማሲስቱ ነርሷን ይዟት ወጣ፤ እስከ ባሕሩ ዳርቻ ሄደው ተመለሱ። ሁለቱ ኖት ተመልሶ እንደሆን ጠየቋቸው። ነፋሱ ከኋላ ስለነበር አልታወቀም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሜሪላንድ ላይ የመጀመሪያው በረዶ ጣለ። አዛውንቱ ደውለው ሦስቱንም ሱሪዎች እንዲያወልቅና እስከ መጋቢት ጋራዡ መደርደሪያ ላይ እንዲያስቀምጣቸው ነገሩት። አወለቃቸው፤ የክብደቱን ለውጥ በወረቀቱ ላይ አስተካከለ፤ ጻፈ፤ ፈረመ።